የቤቱ ቃል

በ2067 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ ሥራ የሌለው ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ በየአደባባዩ የተሰቀለው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ የከተማዋ ስም ይበራል፤ ከስሟ ሥር ደግሞ «ሙሉ ሥራ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አለ። ከሰሌዳው ሥር ጥላ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጡ ጎልማሶች ነበሩ። እነሱም ሥራ ላይ ናቸው።

ቁጥሩ የሚሰበሰበው ማለዳ ነው። በየቤቱ በር መቃን ላይ የአዝራር ያህል ነገር ተለጥፏል። ፀሐይ ስትወጣ ሰማያዊ ያበራና በሴት ድምፅ ይናገራል። የመንግሥት ስሙ «የማለዳ ሰላምታ» ነው፤ ሰፈሩ ግን ሰላምተኛዋ ይላታል። ድምፅዋ ለዘብ፣ ሳብ ያለ የወሎ ሴት ድምፅ ነው፤ የሠሯት ሰዎች አገር ላገር ዞረው የአነጋገሩን ወዝ አጥንተዋል አሉ። «እንደምን አደራችሁ? ጤና ነው? እንቅልፍ ነው? ዝናቡስ? ሥራ እንዴት ነው?» ትላለች። የቤቱ ታላቅ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይላታል፤ ክርስቲያን ከሆነ «እግዚአብሔር ይመስገን።» መብራቷ ይጠፋል። ቤቱ ተቆጠረ ማለት ነው።

በኛ አገር ሰላምታ እንዴት እንደሚመለስ የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሌሊት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ «እንደምን አደርክ» ሲሉት መጀመሪያ ያመሰግናል። ከዚያ መልሶ ይጠይቅሃል፤ አንተም ታመሰግናለህ። ሁለተኛ ዙር ይኬዳል፤ ሦስተኛም ይኬዳል። «እንግዲህ ቤቱስ ነደደ» የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ቁጭ ተብሎ፣ ቀስ ተብሎ። ሰላምተኛዋ ግን ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ትሄዳለች። ሁለተኛ ጠይቃ አታውቅም። አነጋገራችንን እስከ ወዙ ያጠኑ ሰዎች ይህችን ሳያውቋት ቀሩ የሚል ካለ፣ ይበል። እኔ አላምንም።

ዙበይዳ ይማም በሽመና ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ነበረች። ፋብሪካው መብራቱን አጥፍቶ በጨለማ መሥራት ጀመረ፤ ውስጡ ሰው ከሌለ መብራት ለማን ይበራል? ከዚያ ወዲህ ወደ አርባ የተጠጋ ዕድሜዋን ይዛ ከአባቷ ከሸህ ይማም ቤት ተመልሳለች። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ናቸው፤ ለሁለት የሚሆን ምግብ ግን ከጠፋ ሰንብቷል። ሸህ ይማም ድሮም ሰኞና ሐሙስ ይጾሙ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ማክሰኞን ጨመሩ፤ ቀጥሎ ቅዳሜን። ልጃቸው ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም አልነገሯትም።

ዘወትር ጠዋት ዙበይዳ ፍለጋ አዳራሽ ወደሚሉት ሥራ መፈለጊያ ትሄዳለች። አዳራሹ የድሮው መናኸሪያ ነው። አውቶቡስ ይቆምበት የነበረው ቦታ ጠባብ ጠባብ ክፍል ተሠርቶበታል፤ በየክፍሉ አንድ ወንበርና አንድ ድምፅ አለ። ተራህ ሲደርስ ትገባለህ፤ ድምፁ በስምህ ጠርቶህ ቃለ መጠይቅ ያደርግልሃል። ማስታወቂያ ሞልቷል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች «አስቸኳይ»፣ «ዛሬውኑ»፣ «ባለሙያ ጠፋ» በሚል ያብለጨልጫል። ዙበይዳ ከሁሉ ደጋግማ የተወዳደረችው ለራሷ ሥራ ነው። ያሰናበታት ፋብሪካ ካሰናበታት ጀምሮ የሽመና ማሽን ጠጋኝ በአስቸኳይ ይፈልጋል። ክፍት ቦታ ያለው ድርጅት እያደገ ነው ተብሎ ግብር ይቀልለታል፤ ታዲያ ቦታውን ሰው ቀጥሮ የሚዘጋው ምን የነካው ነው?

«በዚህ ማሽን ላይ ያለዎትን ልምድ ይንገሩን» ይላታል ድምፁ።

«የተከልኩት እኔ ነኝ።»

«በጣም ደስ ይላል! ከእኛ ጋር መሥራት ለምን ፈለጉ?»

«ስላባረራችሁኝ።»

«በጣም ደስ ይላል! ውጤቱን እናሳውቅዎታለን።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሥራ ፈላጊ አይባልም፤ «ሥራ ቀያሪ» ነው የሚባለው። ተስፋ ቆርጦ መምጣት ሲያቆም ደግሞ «አገኘ» ይባላል። ከዙበይዳ አጠገብ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሁሴን የሚሉት በያጅ አንድ ሰሞን ጠፋ። ግድግዳው ስሙን አብርቶ እንኳን ደስ ያለህ አለው። ከሳምንታት በኋላ ዙበይዳ ድልድዩ ላይ ተደግፎ ውሃ ሲያይ አገኘችው።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ሥራ አገኘህ አሉ» አለችው እየሳቀች።

«አዎ» አለ ሁሴን፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ። «ይኸው እየሠራሁ ነው።»

እንዲህ እየቀለዱ ነው የከረሙት። ቀልዱ ግን ከድልድዩ አያልፍም። ዙበይዳ ቤቷ ስትገባ የምታስበው ሌላ ነው። ሁሉ ሠራተኛ በሆነበት ከተማ ሥራ ያጣ ሰው ጉድለቱን ከራሱ ሌላ ከየት ይፈልጋል? ሰሌዳው «ሙሉ» ባለ ቁጥር የጎደለችው እሷ ብቻ ትመስላታለች። ድምፄ ይሆን? ዕድሜዬ ይሆን? አፌ ይሆን ትላለች። ጥርሷን ነክሳ «በጣም ደስ ይላል» ማለት ሞክራለች። እሱንም ድምፁ በጣም ደስ እንደሚለው ነገራት። እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤ እኔ ራሴ የተበሉ አይቻለሁ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ እውነተኛ ሥራ መጣ። ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ውሃ ጣቢያ ማሽኑ ተሳስቶ ጎርፍ ስለለቀቀ፣ ዋናዎቹን መዝጊያዎች ሰው በእጁ እንዲይዛቸው ሕግ ወጣ። ሦስት ሰው ይፈለጋል። በቀን ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ምሳ ከጣቢያው። ዙበይዳ ማስታወቂያውን ደጋግማ አነበበችው። መዝጊያ፣ ጥርስ፣ ቅባት፣ ቁልፍ፤ እድሜዋን በሙሉ የሠራችው ይህንኑ ነው። ክፍሉ ገብታ ስሟን ተናገረች።

«ይህ ቦታ ለሥራ አጦች ብቻ የተከለለ ነው» አላት ድምፁ። «እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት።»

«የት?»

«የቤትዎ ቃል ሥራው ደህና መሆኑን ይገልጻል።»

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«አባትዎ፣ ዛሬ ማለዳ። የቤቱ ቃል ከተለወጠ እስከ ሐሙስ መመዝገብ ይችላሉ። በርቱ።»

ማክሰኞ ማለዳ ዙበይዳ ከአባቷ ቀድማ በሩ ሥር ቆመች። ሰማያዊው በራ። ሰላምተኛዋ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ?» ብላ ሳትጨርስ ዙበይዳ አቋረጠቻት።

«ሥራ የለኝም! መዝግቢ። ዙበይዳ ይማም ሥራ የላትም።»

«ታላቅ እናስቀድም፣ የኔ እህት» አለች ሰላምተኛዋ።

ሸህ ይማም በትራቸውን ይዘው ከጓዳ ወጡ። ፊታቸው ተለዋውጧል። ሰላምታቸውን እንደ ልማዳቸው መለሱ፤ ሥራውም ደህና እንደሆነ፣ ለአላህ ምስጋና እንደሚገባ ተናገሩ። መብራቱ ሲጠፋ ዞር አሉ።

«ሰላም ያለን ሰው ደጃፍ ላይ ይጮኹበታል? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

«ሰው አይደለችም እኮ አባዬ።»

«ሰው ካልሆነች ጭራሽ! አላህን ለአዝራር ልክሰስ?»

ዙበይዳ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጥር ቤት ወደሚሉት መሥሪያ ቤት ሄደች። የማለዳውን ቃል ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው። ከረጅም ኮሪደር መጨረሻ ምንተስኖት የሚባል የሷ እኩያ ተቀምጧል፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ሹራቡ ንጹሕ፣ ፈገግታውም ንጹሕ ነው። ወንበር ሳበላት። እንዲህ ያሉ ትሑት ሰዎችን እፈራለሁ።

«ሕጉ ግልጽ ነው እህቴ» አላት። «የቤቱን ቃል የሚለውጠው የቤቱ ታላቅ ነው። አባትሽ አንዲት ቃል ይበሉ፤ እኔ እዚያው ደቂቃ እመዘግብሻለሁ። ወላሂ አልልም እንጂ በእምነቴ እምልልሻለሁ።»

«አባቴ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ለሰላምታ ምሬት መልሰው አያውቁም። ማን መልሶ ያውቃል? አንተ ታውቃለህ?»

«እኔ ደህና ነኝ» አለ ምንተስኖት፣ ተጨንቆ።

«ጥያቄው ሰውን ያሸማቅቃል። በጠዋት፣ በር ላይ፣ ጎረቤት እየሰማ ‹ሥራ እንዴት ነው› ይባላል? ምን እንዲል ነው የምትጠብቁት?»

ምንተስኖት ፊቱ በራ። እስከዚያ ድረስ ሊረዳት ፈልጎ መንገዱ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። «ይህ ቅሬታ ነው?»

«አዎ ቅሬታ ነው!»

«ጥሩ። ጥያቄው ያሸማቅቃል። ይዤዋለሁ። እኛ ቅሬታ አናሳድርም፤ ፈጥኖ ይፈታል።»

ዙበይዳ ከዚያ ቤት የወጣችው ልቧ ትንሽ ቀለል ብሎት ነው። አንድ ሰው ሰምቷታል። ከድምፅ ጋር ስትነጋገር የከረመች ሴት፣ ሰው ሲሰማት እንዴት እንደምትሆን የደረሰበት ያውቀዋል።

ማታ ላይ ለአባቷ ሁሉን ነገረች፤ ስለ መዝጊያዎቹ፣ ስለ ሐሙስ፣ ከሳቸው ስለሚፈለገው አንድ ቃል። ሸህ ይማም የሙስባሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ሰሟት።

«ዙበይዳዬ፣ ሰላምታ ችሎት አይደለም። አልሐምዱሊላህ ስል ሥራ አለሽ ማለቴ አይደለም። አላህ አለ ማለቴ ነው።»

«እኔማ ይገባኛል። እነሱ ግን ሥራ አላት ብለው ነው የሚጽፉት።»

«የሚጽፉት ኃጢአት የነሱ ነው።»

«ረሃቡስ የማነው?»

ይህን ስትል ሽማግሌው ሙስባሃውን አቆሙ። ዙበይዳ ተጸጸተች፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። በቤቱ ውስጥ ስለ ረሃብ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ሸህ ይማም ለሶላት ተነሡ። ረቡዕ ማለዳ ሰላምተኛዋ ጠየቀች፣ እሳቸውም እንደ ወትሮው አመሰገኑ። ዙበይዳ ጓዳ ሆና ሰማቻቸው።

ነገሩን የገለበጠችው ጎረቤታቸው ጦይባ ናት። የጦይባ ባል ሳንባው ታሞ በመተንፈሻ ማሽን ነው የሚኖረው፤ ማሽኑ ሌት ተቀን መብራት ይበላል። ቤቶቹ ሁሉ «ደህና» የሚሉበት ሰፈር «ሙሉ ሰፈር» ይባልና መብራት በነፃ ያገኛል። አንድ ቤት ቃሉን ከለወጠ ሰፈሩ ሙሉ መሆኑ ይቀራል። ማክሰኞ ዙበይዳ በር ላይ የጮኸችውን ጦይባ በግንቡ በኩል ሰምታለች። ረቡዕ ከሰዓት መጣች፤ ሰላምታውን እንኳ በአንድ ዙር ነው የጨረሰችው።

«ጋሽ ይማም፣ ሰው የሚለው እውነት ነው? ነገ ሊናገሩብን ነው?»

«ኧረ እኔ አልወጣኝም» አሉ ሸህ ይማም።

«እሷ ወጥቷታል!» ጦይባ በአገጯ ወደ ዙበይዳ ጠቆመች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ባሌ የሚተነፍሰው በዚህ ሰፈር ቃል ነው። ይቺ ሥራ አጣሁ ብላ የሱን ትንፋሽ ትውሰድ?»

«እትዬ ጦይባ፣ እኔ የማንንም ትንፋሽ አልወሰድኩም» አለች ዙበይዳ። «ወንዶች ልጆችሽስ ሥራ አላቸው? ከግንቡ ሥር ተኝተው እንደሚውሉ አላይም?»

«የኔ ልጆች ደህና ናቸው!» ጦይባ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ ዝግታዋ ከጩኸቷ ይብስ ነበር። «ጋሽ ይማም፣ ይታዘቡኝ። ከተማው ሁሉ ሠርቶ ሲያድር የእርስዎ ልጅ ብቻ ምን ሆነች? ሰነፍ ልጅ ያለው ሰው ይሸሽጋታል እንጂ በር ላይ አያውጅባትም። ዝም አይነቅዝም።»

ሸህ ይማም በትራቸውን ፈልገው ቀስ ብለው ተነሡ። ዙበይዳ አባቷ ሲቆጡ አይታ ታውቃለች፤ እንዲህ ሲሆኑ ግን አላየችም።

«ሰነፍ አልሽኝ ልጄን?»

«እኔ እኮ...»

«ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንቺ ባል የለበሰውን ሸማ የሸመነውን ማሽን በእጇ ይዛ የቆመችውን ልጅ ነው ሰነፍ ያልሽኝ? ነገ እናገራለሁ። ሥራ የላትም እላለሁ። ስንፍና እንዳልሆነ አላህም ያውቃል፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ውጪልኝ።»

ጦይባ እየረገመች ወጣች። የሷም አላግባብ ነው አልልም። የባሏን ማሽን ጩኸት እየሰማች ለምትተኛ ሴት የሰው ሥራ ምኗ ነው? እንዲህ አድርገው ነው ያሰሩን፤ የአንዱ እውነት የሌላውን አየር እንዲቆርጥ። ከተማው ውስጥ ከዚህ የበለጠ የምጠላው ነገር የለም።

የዚያን ዕለት ፀሐይ ስትገባ ዙበይዳ አባቷ ግቢው ጥግ ቆመው ብቻቸውን ሲናገሩ ሰማች። «ልጄ ሥራ የላትም» ይላሉ ቀስ ብለው። ያቆማሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና «ልጄ ዙበይዳ ሥራ የላትም። ተቸግረናል።» «ተቸግረናል» የምትለዋ ላይ ሁልጊዜ ድምፃቸው ይሰበራል። የማያውቁትን ቋንቋ እንደሚማር ሰው ነበሩ። ዙበይዳ ሄዳ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ እንደሰማቻቸው ካወቁ እንደሚያፍሩ ስለገባት ግን ተመልሳ ገባች።

ሐሙስ ሸህ ይማም ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ አልተኙም። ነጭ ጀለቢያቸውን ለበሱ፤ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ዙበይዳም የሥራ ጫማዋን አድርጋ፣ የጥገና ዕቃዋን በቦርሳ ይዛ ኋላቸው ቆመች። ቃሉ እንደተለወጠ በቀጥታ ወደ ቁጥር ቤት፣ ከዚያ ወደ ውሃ ጣቢያው ልትሮጥ ነው። ከግንቡ ወዲያ የመተንፈሻው ማሽን ያሽካካል፤ ጦይባም እዚያው ግንቡን ተጠግታ እንደቆመች ታውቅ ነበር።

ሰማያዊው በራ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ?»

«ወዐለይኩም ሰላም» አሉ ሸህ ይማም። «አልሐምዱሊላህ።»

«ጤና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጤና ነው።»

«እንቅልፍ ነው?»

«እንቅልፍ ነው።» ሽማግሌው በትራቸውን አጥብቀው ያዙ።

«ዝናቡስ?»

«ዝናቡ ደህና ነው፣ ይመስገን።» አየር ሳቡ። ደረታቸው ተነፋ።

«መልካም ቀን ይሁንላችሁ» አለች ሰላምተኛዋ። መብራቱ ጠፋ።

ሸህ ይማም እንደቆሙ ቀሩ። አፋቸው ክፍት ነው፤ ቃሉ ምላሳቸው ላይ ነው። ጣታቸውን አንሥተው አዝራሩን ነካ አደረጉት፣ የተኛን ሰው እንደሚቀሰቅሱ፣ በቀስታ። አልበራም። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ረስታው ይሆን?» አሉ።

ዙበይዳ ቁጥር ቤት የደረሰችው እየሮጠች ነው። ምንተስኖት ገና ስትገባ አይቷት ተነሣ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበረው።

«ተፈታ አይደል?» አላት። «የሥራ ጥያቄው ያሸማቅቃል ያልሽውን አቅርቤ ትናንት ማታ ተወሰነ። ከእናንተ ሰፈር ተነሥቷል። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ከመላው ከተማ ይነሣል። እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሰው ሁሉ ነው የሚያመሰግንሽ።»

«ካልጠየቃችሁን ሥራ እንደሌለኝ በምን ይታወቃል?»

«ያልተጠየቀ ቤት በመጨረሻው ቃሉ ይጸናል። የእናንተ የመጨረሻ ቃል ደህና ነው።»

«እነግርሃለሁ እኮ! ይኸው ፊትህ ቆሜ! አባቴም ይመጣሉ፣ ጠርቼ አመጣቸዋለሁ!»

«እኔማ አምንሻለሁ» አለ ምንተስኖት፣ እውነትም አዝኖ። «ግን እኔ ቁጥር አይደለሁም።»

ወደ ውሃ ጣቢያው በእግሯ ሄደች። ቦርከና ከዝናቡ በኋላ ደፍርሶ ይጮኻል። የጣቢያው በር ላይ «ሦስት ሰው ይፈለጋል» የሚለው ማስታወቂያ ገና አልወረደም። በበሩ በኩል ትልልቆቹ የመዝጊያ መዘውሮች ይታያሉ፤ አንደኛው ቅባት ጠፍቶት ጥርሱ እንደዛገ ከሩቅ አየች። አንድ ቀን ቢሰጧት ታስተካክለው ነበር። እጇን በሩ ላይ አደረገች።

«ዙበይዳ ይማም» አለ የበሩ ድምፅ። «እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት። ይህ ቦታ ለሥራ አጦች ነው። እባክዎ የሌላውን ዕድል አይሻሙ። ከኋላዎ ላሉት መንገድ ይልቀቁ።»

ዙበይዳ ዞራ አየች። ከኋላዋ አስፋልቱ ብቻ ነበር። የመጣም የሚመጣም ሰው የለም። ሆኖም በሩ «መንገድ ይልቀቁ» ማለቱን አላቆመም፤ እሷም መጨረሻ ላይ ለቀቀች።

ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው አዲስ ወሬ አበራ። ሥራ አጥ ፈጽሞ ስለጠፋ ለውሃ ጣቢያው ሰው ሊገኝ አልቻለም፤ የሰው ኃይል እጥረቱን ለመሸፈን ሦስት ማሽን ታዟል ይላል። ከሥሩ የተቀመጡት ጎልማሶች አንብበው ጥላው ሲዞር አብረው ዞሩ።

ማታ ሸህ ይማም ጾማቸውን በውሃ ፈቱ። በሩ ሥር በርጩማ ላይ ነው የተቀመጡት፤ ከማለዳ ጀምሮ ከዚያ ብዙም አልራቁም። ዙበይዳ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። በሩ ተንኳኳና ጦይባ ገባች። በሰሃን ትኩስ ቂጣ ይዛለች፤ ቅቤው ቤቱን አወደው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጋሽ ይማም፣ አላህ ይስጥዎ» አለች፤ ሰሃኑን ጭናቸው ላይ አስቀምጣ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። «ግንቡ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ዝም አሉልን። በቁጣዬ የተናገርኩትን ይተዉልኝ። ለባሌ ብለው ዝም አሉልን።»

ሸህ ይማም ሰሃኑን አዩት። ከትናንት ጀምሮ አልበሉም።

«እኔ ዝም አላልኩም፣ ጦይባ» አሉ። «አልጠየቁኝም።»

«ያው ነው ጋሽ ይማም፣ ያው ነው። ዋናው ሰፈሩ መዳኑ ነው። ይብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

ዙበይዳ ተነሣች። ሰሃኑን ከአባቷ ጭን ላይ አነሣችው። በኛ አገር የጎረቤት ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ጥቂት እህልም ቢሆን ጣል ይደረግበታል። ሳይቀምሱ እንዳለ መመለስ ግን ከስድብ ይብሳል፤ እሱን ያደረጉ ሰዎች ለቀብር እንኳ አይጠራሩም። ዙበይዳ ሰሃኑን ከነቂጣው ጦይባ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ሸህ ይማም አልከለከሏትም።

ጦይባ ደንግጣ ሰሃኑን እንደያዘች ከበሩ ወደ ውጭ አፈገፈገች። «ምነው ዙበይዳ? ምን ሆንሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ዙበይዳ፤ በሩንም ዘግታ ቀረቀረችው።